ሦስት ልክ ብቻ የቀራት ልብስ ሰፊ

ባለቱታዋ ድሮ ባለቱታ አልነበረችም። ሰፈሩ በሙሉ የሷን ስፌት ነበር የሚለብሰው። እኔ ራሴ አንድ ሱሪ አሰፍቻት ዐሥራ ሁለት ዓመት ለብሼዋለሁ፤ ያን ሱሪ አድርጌ ሳልፍ ዞር ብሎ ያላየኝ ሰው ካለ ዓይኑን የታመመ ነው። ሱሪውን እንተወውና፣ ገና በሩ ላይ ስትቆም አይታ "ግራ ትከሻህ ወረድ ብሏል" የምትል ሴት ነበረች።

ከዚያ ከከተማው ጀርባ ነዳጅ ወጣ። ኩባንያው በዓመት ስድስት መቶ ቱታ እንድትሰፋለት ተዋዋላት። ቱታ ደግሞ ምን ልክ አለው? ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ፤ በቃ። ጨርቁ ብርቱካንማ፣ ክሩ ብርቱካንማ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ። የባሏ እህት ለልጇ ሰርግ ቀሚስ ስፊልኝ ብላ ብትመጣ፣ ለአንድ ቀሚስ ብዬ ክር አልቀይርም ብላ ከበር መለሰቻት። ያቺም በንዴት እዚያው ፊት ለፊት የራሷን የስፌት መኪና ተከለች። መጋረጃ በሉት፣ የፍራሽ ልብስ በሉት፣ የተቀደደ ኪስ፣ ያገኘችውን ትሰፋ ጀመር። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ በደህና ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ባለቱታዋን ብቻ አልወቅስም። አናጢው መጋዙን ጥሎ የኩባንያው ዘበኛ ሆነ። ቲማቲም ይተክል የነበረው ሰውዬ ማሳውን ለመኪና ማቆሚያ አከራየና፣ በቆርቆሮ ታሽጎ ከውጭ የመጣ ቲማቲም ይገዛ ጀመር። መንግሥትም ቢሆን ከዚያው የነዳጅ ቧንቧ ነበር የሚጠጣው። ይሄን ስናገር "ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ ምን ያውቃል" ይሉኝ ነበር። አሁን የት አሉ?

አንድ ቀን ማናችንም በማናውቀው ገበያ የነዳጅ ዋጋ ወደቀና ኩባንያው በሩን ቆለፈ። ባለቱታዋ ኪሱ ላይ የኩባንያው ምልክት የተለጠፈበት አርባ ሁለት ቱታ ታቅፋ ቀረች። ማን ይለብሰዋል? የተባረረው ሠራተኛ የራሱንም አውልቆ ጥሎታል።

የቀራት ተስፋ የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ነበር። ዳይሬክተሯ ለባለቱታዋም ለባሏ እህትም እኩል ጨርቅ ሰጥታ፣ ኮት ስፉልኝ፣ ልክ የሆነኝን የሰፋችው ሥራውን ትወስዳለች አለች። ባለቱታዋ ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች አየቻትና "መካከለኛ ነዎት" ብላ ሳትለካ ቆረጠችው። እጇ ሌላውን ሁሉ ረስቶታል። ኮቱ ሲለበስ እጅጌው ጣት ዋጠ፤ ወገቡ ሌላ ሰው ያስገባል። የባሏ እህት እዚያው ቆማ፣ "የነዳጅ ቆፋሪ ቆብ ብቻ ነው የቀረዎት፣ ይልበሱትና ጉድጓድ ይውረዱበት" አለች። ዳይሬክተሯ እንኳን ሳቀች።

ሥራውን ያቺ ወሰደች። በሦስተኛው ቀን መንገዱን ተሻግራ መጣችና በር ላይ ቆመች፤ ባለቱታዋ ግቢም አላለቻት።

"ቀጥ ያለ ስፌት የሚሰፋ ሰው ፈልጌያለሁ። ኮሌታ አልሰጥሽም፣ ታበላሺብኛለሽ።"

ባለቱታዋ የስፌት መኪናዋን ሸፈነች። ቤቷ ውስጥ አራት ነፍስ እጅ እጇን ያያል። ሄደች።

ሁለት ሳምንት አንገቷን ደፍታ ሰፋች፣ ቁልፍ ተከለች፣ ስድብ ጠጣች። ከዚያ አንዲት ጎረቤት የመጋረጃ ጨርቅ ታቅፋ ገባች። የባሏ እህት ቀና እንኳን ሳትል፣ አሁን የትምህርት ቤት ሥራ ላይ ነኝ፣ በመጋረጃ የማባክነው ጊዜ የለኝም ብላ ልትመልሳት ሆነ።

ባለቱታዋ የመኪናውን መርገጫ አቆመች።

"ትምህርት ቤቱ ከየት አምጥቶ ነው የሚከፍልሽ?"

"ከመንግሥት ነዋ።"

"መንግሥትስ ከየት አምጥቶ?"

"አንቺ ስፊ፣ አታውሪ።"

ባለቱታዋ ተነሥታ ጨርቁን ከጎረቤትየዋ ክንድ ተቀበለችና መስኮቱ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቀች። ሴትዮዋ አላውቀውም አለች።

"እንሂድና እንለካዋ፣ እትዬ።"

"ሃምሳ ሸሚዝ ተቆልሎ ወዴት ነው? ቁልፉን ማን ሊተክለው ነው?" አለች የባሏ እህት።

"ጣት የለሽም?" አለቻትና ጎረቤቷን አስቀድማ ወጣች።