ዲቃላዋ ጥይት

ዒላማ ተኩስ ብቻውን የሚሠራ ነገር የሚመስለው ተኩሶ የማያውቅ ሰው ነው። ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሸለቆ እኔ በዚህ በኩል በደረቴ እተኛለሁ፤ ጓደኛዬ በዚያ ማዶ፣ ዒላማችን ከሆነው ጣውላ ፈንጠር ብሎ ከቋጥኝ ጀርባ ይቀመጣል። ስተኩስ ብቅ ይልና በጋቢው ይነግረኛል። ወደ ግራ ካወዛወዘ በግራ ስቻለሁ፤ ከራሱ በላይ ከዘረጋው መሀሉን መትቻለሁ። ከጎልማሳነታችን ጀምሮ እንዲህ ነበርን።

ጥይቷም የሁለታችን ናት። የሌላ ጠመንጃ ቀለህ አፉን አጥብበን፣ ቀጠን ያለ እርሳስ ገጥመንላት፣ የአሮጌ ጠመንጃዬንም ጉሮሮ በልኳ አስፍተን ነው ያገኘናት። ገበያ ላይ የለችም። ዘሯ ስለተደባለቀ ዲቃላዋ እንላታለን። ሩቅ ትሄዳለች፣ ግን ጠማማ ናት፤ ስትስት ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። ይህን አመሏን ለማስተው ያልሞከርነው የለም።

ባለፈው ክረምት ሴት ልጁ መጥታ፣ ዓይኑ ደክሟል ብላ ጫግኒ ወሰደችው። «ታክሜ እመለሳለሁ፤ ጣውላውን እንዳታነሣው» ብሎኝ ሄደ። አላነሣሁትም። ግን ከዚያ ወዲህ ተኩሼ ወደ ማዶ ሳይ ጋቢ የለም። ሸለቆውን ወርጄ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ዳገቱን እያለከለክሁ ወጥቼ ነው የት እንደመታሁ የማየው። ለሚቀጥለው ጥይት ደግሞ መመለስ አለ። ጎረቤቶቼን አብራችሁኝ ኑ ስላቸው «እዚያ ቁጭ ብለን ምን ልንሠራ?» ይሉኛል። ጓደኛዬ ናፈቀኝ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ባለፈው ሳምንት ተሻግሬ ሳይ ጣውላው አልተነካም፤ ጥይቷ በስተግራ ያለውን አፈር ቦድሳዋለች። እዚያው ቆሜ ደወልሁለት።

«እህሳ፣ ዲቃላችን እንዴት ናት?» አለኝ ገና ድምፄን ሲሰማ።

መታች ብዬ ብነግረው ደስ ብሎት ቶሎ የሚመጣ መሰለኝ። «በሳችው! ከመሀሉ ትንሽ ወደ ቀኝ» አልሁት።

«ወደ ቀኝ?»

«ወደ ቀኝ።»

«አንተ ቀጣፊ! እሷ መቼ ወደ ቀኝ ሄዳ ታውቃለች? ስተሃል!»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በዚህ ውሸት ሊይዘኝ የሚችል ሰው እሱ ብቻ ነው፤ በመያዜም እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። «ካላመንህ መጥተህ እይ!» አልሁት።

ሳቁ ቆመ። ከኋላው የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል።

«ሐኪሙ ዘግይተሃል አለኝ፣ ወንድሜ። ትናንት ልጄ ፊቴ ቆማ፣ ማነሽ አልኋት።»

«ግድ የለም፣ ና» አልሁት። «ከጎኔ ትቀመጣለህ። እኔ ተሻግሬ አይቼ እነግርሃለሁ።»

«ትዋሸኛለህ።»

«አልዋሽህም።»

ስልኩን ለልጁ ሰጣት።

«ሌላ ጊዜ ይደውሉ፣ አባባ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አባዬ እያለቀሰ ነው።»