ወንድሜ ያልረገጠው መንገድ

ዝናብ የመታው ሲሚንቶ የራሱ ሽታ አለው። ከአመድም ከእርጥብ አፈርም የሚወስድ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነው። ዛሬም በሚሠራ ሕንፃ ሥር ሳልፍ ካፊያ ከጣለ ያ ሽታ ይመጣና መካኒሳ የነበረው ግቢያችን፣ በሐምሌ ጭቃ የተለወሰው፣ አራት ሰው ተኮራርፎ የከረመበት ቤታችን ፊቴ ድቅን ይላል። ሌላው ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ፈገግ ሲል አያለሁ፤ እኔ ግን ጥርሴን ነው የምነክሰው።

አባዬ ለቡ መብራት ኃይል የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነበረው፤ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለምና ሲሚንቶ ይሸጥ ነበር። እማዬ የቤት እመቤት ነበረች። ወንድሜ ሳሙኤል አስራ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አስራ ሦስት። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋና ዝናቡ ሁላችንንም ሁለት ክፍል ውስጥ ያጉረን ነበር። ሳሚ የራሱ የጓሮ ክፍል ነበረችው፤ እኔ ሳሎን ፍራሽ ዘርግቼ ነበር የምተኛው፣ ይህም ቀን ከሌት ያንገበግበኝ ነበር። እሱ ባጠገቤ ባለፈ ቁጥር ኩርኩም ያቀምሰኝ ነበር፤ እኔም ለእማዬ ሄጄ አንዱን ሦስት አድርጌ እናገር ነበር። «አሳባቂ» ይለኝ ነበር። አልዋሸም።

ነገሩ የተጀመረው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። አባዬ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሲሄድ ሱቁን ለሳሚ ትቶለት፣ «ዝናብ ከመጣ ሸራውን ጎትተህ ሲሚንቶውን ሸፍን» ብሎት ነበር። ሱቁ ውስጥ ቦታ ስለጠበበ አዲስ የገባው ሲሚንቶ በረንዳው ላይ ተደርድሮ ነበር። ሳሚ ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ሰማዩን አየት አድርጎ፣ ገና ነው ብሎ፣ ማዶ ያለው ጆተኒ ቤት ሄደ። ጨዋታው ሞቀና ዝናቡ ሲወርድ አልሰማም። ሲመለስ አስራ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ውሃ ጠጥቶ ተቀምጦ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አለት ሆነ።

አባዬ ይመታዋል ብለን ስንጠብቅ አልመታውም። በአራተኛው ቀን አስራ አንዱንም ድንጋይ በጋሪ አስጭኖ ቤት መጣ፣ ወረቀታቸውን ልጦ ጣለና ከበሩ ጀምሮ እስከ ቤቱ ደፍ ድረስ ጭቃው ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው። የትራስ ቅርፅ ነበራቸው። ጎረቤቶች በአጥር አጮልቀው እያዩ «ጥሩ መላ ነው፣ ከጭቃ ገላገልካቸው» እያሉ ያደንቁ ነበር። አባዬ የመጨረሻውን አስተካክሎ ቀና አለና፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ «ይኸው የልጄ የክረምት ሥራ! ሲገባም ሲወጣም እየረገጠ ይየው» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሳሚ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠም።

ሳሚም የዋዛ አልነበረም፤ የልጅየው እልህ ከአባትየው የተቀዳ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከክፍሉ ወጥቶ ድንጋዮቹን አያቸው፣ ከዚያ ሆን ብሎ በጎናቸው ጭቃው ውስጥ ገባና እስከ ቁርጭምጭሚቱ እየሰመጠ እስከ በሩ ሄደ። ክረምቱን በሙሉ አንድም ቀን አልረገጣቸውም። እኛ እግራችን ሳይርስ ስንገባ እሱ በጭቃ ተለውሶ ይመጣና የእማዬን ወለል ያበላሸው ነበር። እማዬ መወልወያዋን እንደያዘች፣ «እግርህን! እግርህን አልኩ! እናንተ ሰዎች እኔን አማኑኤል ልታስገቡኝ ነው?» እያለች ትጮህ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መደማመጥ ስለማይቻል ሁሉም የሚናገረው በጩኸት ነበር፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ድምፁን ዝቅ ማድረግ ያሰበ ሰው አልነበረም።

አባትና ልጅ ስለማይነጋገሩ መልእክት የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። ምሳ ላይ ሦስታችን አንድ መሶብ ከበን ተቀምጠን፣ አባዬ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ «ለወንድምሽ ንገሪው፣ ፀጉሩን ይቆረጥ» ይለኝ ነበር። ወንድሜ ግን ከጓሮ ክፍሉ መውጣቱን እየተወ፣ ምግቡን ሳይቀር እዚያ ማስመጣት ስለጀመረ፣ መልእክቱ በእኔ እግር ግቢውን ማቋረጥ ነበረበት። እዚያች መሀል፣ ድንጋዮቹ ላይ ስራመድ፣ ቃሉ መልኩን ይቀይር ነበር። «አባዬ ዱርዬ መስለሃል አለ» እለው ነበር። እሱ «እሺ ቅዳሜ እቆረጣለሁ በይው» ሲል፣ ተመልሼ «ሲመቸኝ እቆረጣለሁ ብሏል» እል ነበር። የአባዬ ፊት ሲጠቁር፣ የሳሚ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አይ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ሁለቱም ከዚያ በፊት ዞር ብለው አይተውኝ አያውቁም፤ አሁን ግን ያለ እኔ አንዲት ነገር ማድረግ አይችሉም ነበር። ደግሞም ጠቡ ከጠና ሳሚ አክስታችን ቤት ይላካል፣ የጓሮዋ ክፍልም የእኔ ትሆናለች የሚል ስሌት ነበረኝ።

ነሐሴ እንዲሁ አለፈ። ፍልሰታ ነበርና ሁላችንም እየጾምን፣ እየተራብን፣ በትንሽ ትልቁ እየተነካከስን ከረምን። እማዬ አንድ ቀን ሽሮውን እያማሰለች ትክ ብላ አየችኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ የሚሉሽን ነው የምታደርሺው?» አለችኝ። «አዎ፣ ታዲያ ሌላ ምን ልል ነው?» ብዬ አፈጠጥኩባት። ወደ ሽሮዋ ዞረች፤ እሷም ደክሟት ነበር።

መስከረም ሲጠባ ዝናቡ እንደ ሌላው ዓመት አልቆረጠም፤ ከሰዓት ከሰዓት ይወርድ ነበር። ያም ሆኖ በእኛ በጉራጌዎች ቤት መስከረም ሲገባ የሚታሰበው መስቀል ብቻ ነው። አባዬ ዓመቱን በሙሉ የሚሠራው መስቀልን አገር ቤት ሄዶ ከአያቴ ጋር ለመዋል ነበር። አያቴ ደግሞ ጥብቅ ልማድ ነበራቸው፤ ሥጋው ሳይቆረጥ በፊት ልጆቻቸውን አንድ በአንድ እያዩ «በቤትህ የተጣላ አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ያለው ሰው እዚያው ይታረቃል እንጂ ቂም ይዞ ክትፎው ላይ እጁን አይሰድም ነበር።

የምንሄደው በአጎቴ ፒካፕ ነበር። ጋቢናው ጠባብ ስለሆነ ሳሚ ካለ ጋቢና የሚገባው እሱ ነበር፣ በቁመቱ ምክንያት። እኔ ከኋላ፣ ከፍራሽና ከቅቤው ጣሳ ጋር ሸራ ለብሼ እጫን ነበር። ባለፈው ዓመት እስከ ወልቂጤ ድረስ ውሃው በአንገቴ ሲገባ ነበር የሄድኩት። ያንን አልረሳሁትም።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አባዬ ጥቁር ፌስታል ይዞ ገባና ወደ ጓዳ ጠራኝ። ፌስታሉን ሲከፍተው አዲስ የላስቲክ ቦት ጫማ ነበር፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። እንዲያ አፍሮ አይቼው አላውቅም። «ለወንድምሽ ስጪው» አለኝ። «በጭቃው መሄዱን ካልተወ ይህን አድርጎ ይሂድ በይው። ድንጋዩን ካልፈለገ አይርገጠው። ነገ ግን አብሮን ይሄዳል፤ መስቀልን ያለ አንተ አልውልም ብሏል በይው።»

ፌስታሉን አንስቼ ወጣሁ። ካፊያ ነበር። ድንጋዮቹ ላይ ቆሜ የፒካፑን ኋላ፣ እርጥቡን ሸራ አሰብኩ። ከዚያ ጫማውን ከወጥ ቤቱ ጀርባ በአሮጌ ቆርቆሮ ሥር ደበቅኩና የሳሚን በር አንኳኳሁ።

«ምን አለ?» አለኝ። ተስፋ እንደነበረው ከድምፁ ያወቅኩት በኋላ ነው።

«አንተ ቤት ጠብቅ ብሏል» አልኩት።

መሬት መሬቱን እያየ፣ «ድሮም አልሄድም ነበር በይው» አለ።

ይቺን አንዷን መልእክት ቃል በቃል አደረስኩ። አባዬ «ጫማውንስ?» ሲለኝ «አልፈልግም አለ» አልኩ። «እሺ» ብሎ ቀበቶውን አጥብቆ ወደ ውጭ ወጣ።

በማግስቱ ጋቢና ውስጥ፣ በእማዬና በአባዬ መሀል ሞቆኝ ሄድኩ። አገር ቤት አያቴ ዙሩን ጀምረው አባዬ ጋ ሲደርሱ፣ «አለ አባቴ። ልጄ ነው። ልታረቀው ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ» አለና ተነስቶ ወጣ። ሰው ሁሉ ሲበላ እሱ ደጅ የእንሰቱ ሥር ተቀምጦ ዋለ። ያን ዕለት ክትፎው ጥሩ ነበር፤ እኔ ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ።

ስንመለስ የጓሮዋ ክፍል ባዶ ነበረች። ሳሚ ልብሱን ሰብስቦ ነፋስ ስልክ አክስታችን ዘንድ ገብቶ ነበር። «ለበዓል ያልፈለጉኝ ሰዎች ለአዘቦትም አይፈልጉኝም» ብሎ ለጎረቤት ተናግሮ ነበር የሄደው። ክፍሏ የእኔ ሆነች። ጣሪያዋ አልጋው ላይ ያፈስ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው፤ እሱ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ጫማውን ልዋጭ ሲመጣ ሰጥቼ በቀይ የፕላስቲክ ጆግ ለወጥኩት። እማዬ ጆጉን ወደደችው። ለዓመታት ከእሱ ውሃ ጠጣን።

ሳሚ እዚያው ነፋስ ስልክ ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ፣ ውሎ አድሮ የራሱን ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ። ሽማግሌ ገብቶ ከአባዬ ጋር ታረቁ ተባለ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ከዚያም ወዲህ ግን አንዱ ለሌላው የሚናገረው በእኔ በኩል ነበር። እኔም ከዚያ መስቀል በኋላ ሳልጨምር ሳልቀንስ ማድረስ ለመድኩ፤ ዋናው ቃል ግን ሳይደርስ ቀርቷል። ሳሚ ግቢያችን የሚመጣው በዓመት አንዴ ነበር፤ ጎልማሳ ሰው፣ ልጁን አቅፎ፣ ያን ሁሉ ድንጋይ ትቶ በጎን በጭቃው ይገባ ነበር።

አምና በመስከረም አባዬ ታሞ ሲተኛ መያዝ አቃተኝ። ጋራዡ ሄድኩ፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይወቅጠው ስለነበር ነገሩን እንደ ልጅነታችን ጮኼ ነገርኩት። ፌስታሉን፣ ጫማውን፣ አባዬ ያለውን፣ ጋቢናውን፣ ጆጉን፤ ሁሉንም። ሳሚ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝ። ሲጠርግ ሲጠርግ ቆየና፣

«ስንት ቁጥር ነበር?» አለኝ።

«አርባ ሁለት።»

«ልኬ ነበር» አለ። «አሁን ከፊቴ ሂጂልኝ።»

በማግስቱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ድንጋዮቹን አያቸው። ከዚያ የመጀመሪያውን ረገጠ፣ ሁለተኛውን፣ እስከ አስራ አንደኛው፤ ባጠገቤ አለፈና አባዬ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ምን እንደተባባሉ እስካሁን አላውቅም። አባዬ ግን ከአልጋው ተነሳ።

አሁን በየሳምንቱ በስልክ ያወራሉ፣ በራሳቸው አፍ። እኔን ግን ወንድሜ አያናግረኝም። በዓል ላይ አንድ ማዕድ ስንቀርብ «ውሃውን አቀብዪኝ» እንኳ አይለኝም። አልፈርድበትም፤ የዘራሁትን ነው ያገኘሁት።

ባለፈው እሑድ ከአባዬ አጠገብ ተቀምጬ ልብስ ሳጥፍ ሳሚ ደወለ። አባዬ ጆሮው ስለደከመ የስልኩ ድምፅ እስከ ጣሪያው ከፍ ተደርጓል፤ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። ስለ መኪና ዕቃ አወሩ፣ ስለ ልጁ ጉንፋን፣ ስለዚህ አልቆርጥ ስላለው ዝናብ። የእኔ ስም አልተነሳም። አባዬ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረና፣

«ወንድምሽ ነው። እንዴት ናት፣ ደኅና ናት ወይ ብሎ ጠየቀሽ» አለኝ።

በዚያ ዕድሜዬ እኔ ለእነሱ የተላከውን ቃል መንገድ ላይ አስቀር ነበር፤ አባዬ በዚህ ዕድሜው ያልተላከውን ያደርስልኛል። ያጠፍኩትን ሸሚዝ መልሼ ዘረጋሁና እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ።

«ደኅና ናት በለው» አልኩት።