የወንድሜ ካርድ

በደርግ ጊዜ፣ ጎረምሳ ሳለሁ የሆነ ነው። ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ግን ሳል በሰማሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

እኔና ታናሼ አለልኝ ሁለታችንም በሳንባ ነቀርሳ ታመምን። ከማንኩሳ ወጣ ካለው ቀበሌያችን የገበሬ ማኅበሩን ደብዳቤ ይዘን ቡሬ ሄድንና አክስታችን ቤት አረፍን።

ጤና ጣቢያው ያኔ ሁለት ዓይነት ሕክምና ይሰጥ ነበር፤ የትኛው ቶሎ እንደሚያድን እያወዳደሩ ነው አሉ። ለአለልኝ በየቀኑ መርፌና ነጭ ክኒን ታዘዘለት፤ ለእኔ ቀይ እንክብል ከሌሎች ክኒኖች ጋር፤ ይኸው በየካርዳችን ተጻፈ። መድኃኒት የሚሰጠውና መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ብቻዬን አስቀምጦ ብዙ ነገር መከረኝ። ጆሮዬ የት ነበር! ዓይኔ ከመርፌው ላይ ተተክሏል። በኛ አገር መድኃኒት ማለት መርፌ ነው፤ ክኒንማ ለራስ ምታት።

ወጥተን አጥሩ ጥግ እንደደረስን «ካርድህን አምጣ» አልሁት። «ታላቅ እኔ ነኝ። መርፌው ለኔ ነው።»

«እንዳሉ ጋሼ» ብሎ ሰጠኝ። ድንቄም ታላቅ!

ወረፋው ብዙ፣ ካርዱ ፎቶ የለው፤ እኛም መልካችን አንድ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ «አለልኝ» ሲባል እኔ አቤት አልሁ፤ የእኔ ስም «ይግዛው» ሲጠራ እሱ ተነሣ።

በሳምንቱ ወደ ጓሮ ጠራኝ። ሽንቱ ደም መስሏል።

«ጋሼ፣ ውስጤ አለቀ መሰለኝ። ለድሬሰሩ ልንገረው?» አለ።

«ብትናገር የካርዱ ነገር ይወጣና መርፌውን ይነጥቁኛል። አፍህን ዝጋ!» አልሁት።

አፉን ዘጋ። እንክብሉንም ፈርቶ ተወው፤ እየተቀበለ የአክስታችን ጓሮ ይቀብረው ነበር። አይቻለሁ። ዝም አልሁ። እኔ ስወፍር እሱ መነመነ። ክረምቱ ሳይወጣ ደም ተፍቶ ሞተ።

ሕክምናዬን ስጨርስ ድሬሰሩ መዝገቡን ገለጠ። ከይግዛው ጎን «ሞተ»፣ ከአለልኝ ጎን «ዳነ» ብሎ ጻፈ። ወንድምህ እንክብሉን በደንብ ይውጥ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሽንቱ ቢቀላበት ፈርቶ እንደተወው ነገርሁት።

ራሱን ያዘ። «ወይ ጉድ! መድኃኒቱ እኮ ነው የሚያቀላው፤ ጉዳት የለውም። በመጀመሪያው ቀን አስቀምጬ ለራሱ ለይግዛው ነግሬዋለሁ!»

ይግዛው እኔ ነኝ።

እናታችን «አንዱን እንኳ ተውህልኝ» እያለች ፈጣሪን ስታመሰግን ኖራ ሞተች። እኔ አርጅቻለሁ፤ መርፌው ጆሮዬን ጎድቶት ሌት ተቀን ይጮኽብኛል። ይበለኝ። መዝገቡን አላሳረምሁትም። እዚያ ላይ የሞትሁት እኔ ነኝ። ምነው እውነቱም እንደ መዝገቡ በሆነ ኖሮ።