ውሃ የሞላው ምሽግ

አርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከአርብ ገበያ ከተማ እንድንወጣ ታዘዝን። ነሐሴ ነበር። የገበያ ቀን ቢሆንም አንድ አህያ እንኳ አልመጣም።

የእኛ ጓድ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የተውጣጣ ነበር፤ አብዛኛው ገበሬ ነው። እኔ ወገዳ የሂሳብ መምህር ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ አንድ ኮረብታ ላይ ወጥተን ምሽግ ቆፈርን። አጋዥ ጦር ቅዳሜ እስኪደርስ ከዚያ እንዳንነቃነቅ ታዝዘናል። ጢሱ ቦታችንን ያሳያል ተብሎ እሳት ተከለከለ። ሲመሽ ዝናቡ ምሽጉን ሞላው። እስከ ጉልበታችን ውሃ ውስጥ ቆምን።

አጠገቤ የነበረው ደምሴ ጋይንት ቤተ ልሔም ገዳም ድጓ የተማረ ሰው ነው። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰማኝ።

«መምህር፣ ብርዱን አትሽሸው። እኔ ለቁራሽ ስዞር ውሻ ሲመጣብኝ እሮጥ ነበር። በሮጥኩ ቁጥር ተነክሻለሁ። ኋላ ባለሁበት ቆሜ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ማለት ለመድኩ።»

«ውሻውስ?»

«ይጮሃል። ይጩህ።»

የእስቴው ገበሬ ጌታነህ ከወዲያ ጫፍ «አንተ የቆሎ ተማሪ፣ ቆሎ ካለህ አካፍለን፤ ምክሩን ለራስህ ያዘው!» አለ። ሳቅን። ደምሴ እውነትም ቆሎ ይዞ ነበር፤ አካፈለን።

ከዚያ በኋላ እግሬን እያፈራረቅሁ ማንሳቴን ተውኩ። ብርዱ አልቀነሰም። እኔ ግን ቆምኩ።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሞርታር መውደቅ ጀመረ። ከኋላችን የገብስ ማሳ አለ፤ ከምሽጉ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል። የጓዱ መሪ «ማንም እንዳይወጣ!» ብሎ ጮኸ። ሦስት ሰዎች ወጥተው ሮጡ። ሁለቱ ማሳው ውስጥ ወደቁ። ሦስተኛው ጌታነህ ነበር። ጭኑን ተመትቶ ከምሽጉ አፋፍ ጥቂት ራቅ ብሎ ይጣራል።

ደምሴ መሣሪያውን ሰጠኝ። «ያዝልኝ መምህር» አለና ወጣ። ጌታነህን ጎትቶ ውሃው ውስጥ ጣለልን። እሱ ራሱ ግን አልገባም።

አጋዥ ጦሩ ረፋድ ላይ ደረሰ።

አሁን ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ። ተማሪዎቼ ችግርን መልመድ ሰውን ያሳድጋል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ድሮ ያስሮጡኝ የነበሩ ብዙ ነገሮች ዛሬ አያስሮጡኝም፤ ይህን እነግራቸዋለሁ። ያስተማረኝ ሰው እንዴት እንደሞተም አብሬ እነግራቸዋለሁ።

ምሽጉ ውስጥ ከቀረነው የሞተ የለም። የወጡት አራት ናቸው። ሦስቱን ቤተ ልሔም ቀበርን። ጌታነህ እስቴ ያርሳል።