በሌሉበት የጸደቀው ቁና

ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጎንደር ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። እህል በየአገሩ ቁና መሰፈሩ ቀርቶ፣ የውጭው ዓለም እንደሚሠራበት በኪሎ ይመዘን ይላል። አንዱ ቁና ስንት ኪሎ እንደሚሆን ነጋዴዎችና ገበሬዎች ተስማምተው እንዲያጸድቁ ታዘዘ።

የጉባኤው ሰብሳቢ የታወቁ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ስብሰባውን ከቀጠሮው ሁለት ቀን አስቀድመው ጠሩት። ከጠዳና ከጭልጋ የተመረጡት ገበሬዎች ስላልደረሱ የሰብሳቢው ዘመዶች በቦታቸው ተቀመጡ። የእርሳቸው መደብር ቁና ለሁሉም መለኪያ እንዲሆን ተወሰነ። እኔም እንደታዘዝኩት "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ብዬ ጻፍኩ።

በቀጠሮው ቀን ከጠዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቢሮዬ ገቡ። ቃለ ጉባኤውን አነበብኩላቸው።

"ምነው ልጄ፣" አሉኝ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ እጄን ማን አወጣልኝ?"

ከኀፍረቴ የተነሣ ፊቴ ጋለ። ተነሥቼ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ዘንድ ገባሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

"ማኅተም አርፎበታል፤ ነገ በማኪና ይሄዳል" አሉ።

"እንግዲያው ሐሰት መጻፌንም አብረው ይላኩልኝ።"

ሹሙ ወረቀቱን ቀደው "ሁሉንም ጥራቸው" አሉ።

ሁለተኛው ጉባኤ ገበያው መካከል ሆነ። ሁሉም ቁናውን ይዞ መጣ። ጤፍ እየሞላን በየተራ ስንመዝን እኩል የሆኑ ሁለት ቁናዎች አልተገኙም። የሰብሳቢው ከሁሉ ከበደ፤ እህል የሚገዙበት ቁና ነበር።

"ሌባ ልትሉኝ ነው?" ብለው ተቆጡ።

"የለም ጌታዬ፣" አሉ የጠዳው ሽማግሌ፣ "የእኔ ደግሞ ጎደሎ ነው። ስሸጥ የምሰፍረው በእርሱ ነው።"

ገበያው በሳቅ ተሞላ። ሰብሳቢውም ሳይወዱ ሳቁ። ቁናው ሁሉ ይቅር፣ ሚዛን ብቻ ይሁን ተባለ። ሰብሳቢውና አንድ ነጋዴ ተቃወሙ፤ ምክንያታቸውን አንዲት ቃል ሳላጎድል ጻፍኩ። ሰብሳቢው አንብበው "ቃሌን ሸጋ አድርገህ ጽፈኸዋል" አሉና ፈረሙ።

ከወራት በኋላ የውሳኔያችንን መጽደቅ የሚያስታውቅ መልስ ከአዲስ አበባ መጣ። ገበያው በአንድ ቀን አልተለወጠም። ነገር ግን አንዲት ጤፍ ሻጭ ቁጥር ተምራ፣ ማንበብ ለማይችሉት የሚዛኑን ቁጥር ጮክ ብላ ስታነብላቸው ሰማሁ፤ ደስ አለኝ።