በቃል የተያዘው መመሪያ

ደብረ ማርቆስ የምሠራበት መሥሪያ ቤት የገበሬውን የመሬት ይዞታ በኮምፒውተር መመዝገብ ሲጀምር፣ የአጠቃቀሙን መመሪያ በአማርኛ የመጻፉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ግን ብዙ ዘመን ታይፒስት ስለነበርኩ ጽሑፍ ማስተካከል እችል ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁልፍ እየተጫንኩ፣ የሚሆነውን እያየሁ ጻፍኩ። «ከላይ ካለው ረድፍ ከግራ ሦስተኛውን ተጫን። ገጹ ባዶ ሲሆን ተመዝግቧል ማለት ነው።»

ፕሮግራሙን የሠሩት ልጆች ባሕር ዳር ነበሩ። አንዴ ሠርተው አይተዉትም። ዛሬ በፊደል የተጻፈው ቁልፍ በሌላ ጊዜ ሥዕል ሆኖ ይመጣል፤ ግራ የነበረው ቀኝ ይገኛል። ደውዬ ስጠይቅ፣ «እትዬ፣ አሁን የዲዛይን ደረጃው እንዲህ ነው፤ የትም አገር እንዲህ ሆኗል» ይሉኛል። ደረጃውን ማን እንዳወጣው አይነግሩኝም። አላምናቸውም ነበር። ሰኞ ሰኞ ጠዋት መመሪያዬን ይዤ ከስክሪኑ ጋር አስተያያለሁ። የተለወጠ ካገኘሁ ገጹን እንደ አዲስ እጽፍና በየጠረጴዛው ካለው መመሪያ ውስጥ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን አስገባለሁ።

አንድ ጊዜ እንዲሁ ረድፉ በሙሉ ወደ ሥዕል ተለወጠ። የመመሪያውን ገጽ ቀየርኩ። ብዙም ሳይቆይ ከአምበር በኩል ባሏ የሞተባት ሴት መጣች። መሬቷን አስመዝግባ ሄዳ ነበር፤ የይዞታ ደብተሯን ልትወስድ ስትመጣ ስሟ ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም። መዝጋቢው እንደገና መዘገባት። ተመልሳ ስትመጣ አሁንም የለም።

ሴትዮዋ ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እሜቴ፣ የባሌ ወንድም መሬቱን በስሙ ሊያዞር እየተመላለሰ ነው። ይኼን መዝጋቢያችሁን ሉማሜ ላይ ሻይ ሲጋብዘው በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መዝጋቢያችሁ ያን ቀን ጥምጣም ቢያደርግም አውቀዋለሁ።»

መዝጋቢው ዲማ ቅኔ ቤት ቆይቶ ኋላ ወደ አስኳላ የገባ ሰው ነው። ዝምተኛና ፈጣን ነበር። የሴትዮዋን ነገር ከሰማሁ በኋላ ዝምታው ሌላ መሰለኝ። ምሳ ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መመሪያ ገለጥኩት። የሌሎቹ መመሪያ ዳሩ ቆሽሿል፤ ጣት በጣት ሆኗል። የእሱ ግን አዲሱ ገጽ እኔ እንዳስገባሁት ነው፤ አንድ እጥፋት የለበትም። አንድም ቀን አልገለጠውም። ሥራውን በትክክል መሥራት የማይፈልግ ሰው መመሪያ ምን ያደርግለታል፣ ብዬ አሰብኩ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀት የማገላብጥ መስዬ ከጀርባው ተቀመጥኩ። ዓይኑ ከገበሬው ቅጽ ላይ አይነሳም፤ ጣቱ ይሮጣል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«መሪጌታው ዛሬም ኮምፒውተሩን ሊያስቀድስ ነው» አለች አጠገቡ የምትሠራው ልጅ።

«አንቺ አትረብሺ፤ ቅዳሴው ይበላሻል» አላት ሳይዞር።

ገጹ ባዶ ሆነ። ሌላ ቅጽ አነሳ። እኔ በራሴ ኮምፒውተር አሁን የገባውን ስም ፈለግኩ። የለም። ቀጥሎ የገባውንም ፈለግኩ። የለም። ካዲሱ ለውጥ ወዲህ እሱ የመዘገባቸውን ቅጾች ከመደርደሪያ አውርጄ አንድ በአንድ ፈለግኩ፤ አንዱም የለም። ከመካከላቸው አንዱ የገዛ አጎቱ ነበር። ይኼ ነው ያቆመኝ። ለሻይ ብሎ የሴትን መሬት የሚያጠፋ ሰው የአጎቱንም ያጠፋል?

«ስትጨርስ የትኛውን ነው የምትጫነው?» አልኩት።

«ከላይ ካለው ረድፍ ከግራ ሦስተኛውን። ገጹ ባዶ ሲሆን ተመዝግቧል ማለት ነው።» አንድ ቃል ሳያጎድል የእኔን ጽሑፍ መለሰልኝ፤ የድሮውን።

«አዲሱን ገጽ አላየኸውም?»

«እትዬ፣ እርስዎ የጻፉትን መጀመሪያ ሲሰጡኝ ነው ከዳር እስከ ዳር በቃሌ የያዝኩት። እኛ ቅኔ ቤት መጽሐፍ ገልጦ የሚመልስ ተማሪ ያፍራል።»

ከግራ ሦስተኛው አሁን ነጭ ወረቀት የሚመስል ሥዕል ነበር። አዲስ ቅጽ ይከፍታል፤ የተጻፈውን ሳይመዘግብ ያጠፋዋል። ገጹም ባዶ ይሆናል። ከወረቀት ላይ አሮጌውን ማውጣት ችዬ ነበር፤ ከእሱ ራስ ውስጥ ግን ማን ያወጣዋል?

ሴትዮዋን አስጠራኋትና አጠገቡ አስቀመጥኳት። አዲሱን ገጽ መጀመሪያ በቃሉ እንዲወጣው አደረግኩ። አላኮረፈም፤ ሁለቴ ደግሞ ያዘው። ከዚያ መዘገባት። ስሟን ፈልጌ ስክሪኑ ላይ አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ ፊደሉን ትክ ብላ አየችው።

«ነገም ይኖራል?» አለችኝ።

«ይኖራል» ማለት ነበረብኝ። «ሰኞ አይቼ እነግርሻለሁ» አልኳት።

መመሪያውን እንደገና ጻፍኩት። ከግራ ሦስተኛ የሚል ነገር አወጣሁ፤ ገጹ ባዶ ሲሆን የሚለውንም ሰረዝኩ። በቦታው «ስሙን ፈልገህ ካላገኘኸው አልተመዘገበም» ብዬ አስገባሁ። ይኼ ልጆቹ ሥዕሉን የትም ቢያዞሩት አይለወጥም። ሳይመዘገቡ የቀሩትንም ቅጾች እሱ ራሱ አምሽቶ መልሶ አስገባቸው።

የባሏ ወንድም ሻዩን ለምን እንደጋበዘው መዝጋቢውን አልጠየቅኩም፤ እሱም አልነገረኝም።

ሰኞ ጠዋት እንደልማዴ መመሪያዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ከሁሉ አስቀድሜ የሴትዮዋን ስም ጻፍኩ። አለ። በር ላይ ቆማ ስለነበር በእጄ ጠራኋት።