ጫማውን ያወለቀበት በር

ልጄ ለስልጠና ጃፓን በሄደበት ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም፣ የእጮኛው አባት ሳይጠሩ ከሞጣ መጡ። አንድ ሽማግሌም አስከትለው ነበር። በሩ ላይ ሳያቸው ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ ሰው በጾም ቀን ከሞጣ ቢቸና ድረስ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚመጣው ለደኅና ነገር አይደለም።

ሰውየው መሪጌታ ናቸው። ሞጣ ላይ ቅኔ ያስተምራሉ፤ ተማሪውም ጎረቤቱም የኔታ ይላቸዋል። ልጄ የውኃ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ቢሆንም ዲያቆን ነው። ልጃቸውን የሰጡኝም በዲቁናው ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን፣ ሁለቱም በተክሊል ሊቆርቡ ተቆርጦ ነበር።

የኔታ ከተቀመጡ በኋላ ከጋቢያቸው ሥር የወንድ ልጃቸውን ስልክ አወጡ። ልጄ ከጃፓን የለቀቀው ፎቶ ነበር። ሐምራዊ አበባ ያጥለቀለቃቸው ዛፎች፣ ከላያቸው ብዙ ጣራ የተደራረበበት ነጭ ትልቅ ቤት። ልጄ ከአንድ የእንጨት በር ፊት ቆሟል። ጫማ አላደረገም፤ በካልሲ ነው። ጎንበስ ብሏል። በእጁ ነጭ ነገር ይዟል።

«እህቴ፣ ጫማ የት ነው የሚወለቀው?» አሉኝ።

«ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የኔታ።»

«ታዲያ ይህ የማን ቤት ነው?»

አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን የሚያውቁ መሰላቸው። ጫማውን አውልቋል፣ ጎንብሷል፣ መባ ይዟል። እኛ አገር ይህን ያየ ሰው ሌላ ምን ይላል? ሽማግሌው ሞጣ ላይ ወሬው እንደ ተዛመተ፣ ልጁ አገር ሲለውጥ እምነቱንም ለወጠ እየተባለ መሆኑን ነገረኝ። ለጣዖት ከሰገደ ክህነቱ አበቃ። ተክሊሉም ቀረ። የኔታም ልጃቸውን እንደማይሰጡ ሳይሸሽጉ ነገሩኝ።

ከዚያ ቅዳሴ ደርሶ ስለ ነበር ተነሡ። ስንመለስ በእኛ ፊት ይደወልለት፣ ከራሱ አፍ እንስማ አሉ። እሺ አልኩ።

ልከተላቸው ነጠላዬን ሳነሣ ታናሽ እህቴ ጓዳ ጎተተችኝ። በኢንተርኔት ከልጄ ጋር የምታገናኘኝ እሷ ነበረች፤ ስልኩም የሷ ነው። አሁኑኑ ደውለን እናስጠንቅቀው አለች። «አልሰገድኩም በል እንበለው። በቃ።»

«ሰግዶ ከሆነስ?»

«ከሆነማ ነው የምንነግረው!»

ስልኩን ከእጇ ወስጄ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት። ቅዳሴም ይዤው ገባሁ። እህቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ አላናገረችኝም።

በዚያን ቀን ቅዳሴው ውስጥ ሥጋዬ ቆመ እንጂ ልቤ አልቆመም። እሑድ እሑድ ሰልጣኞቹን በአውቶቡስ እየወሰዱ አገር ያሳዩዋቸው ነበር። ልጄም ያየውን ይነግረኛል። ፉጂ የሚባለውን ተራራ አናቱ በረዶ ለብሶ አይቶታል፤ እንደ ጮቄ ከሌላ ተራራ ጋር የተያያዘ ሳይሆን ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ነው አለኝ። ናራ በሚባል ከተማ አጋዘኖች ከሰው ጋር ይሄዳሉ፤ ብስኩት ለሚሰጣቸው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ እህቴ «እዚያ አገር አውሬውም ይሰግዳል?» ብላ ሥቃለች። ኪዮቶ ላይ ደግሞ ከቀይ እንጨት የተሠሩ በሮች ተከታትለው ጋራውን እስከ ላይ ይወጣሉ፤ በእነሱ ሥር አልፎ ጫፍ ደርሷል። የማን በር ነው ብዬ ስጠይቀው የእነሱ እምነት ነው፣ እኔ መንገዱን ነው ያየሁት አለኝ። ሲነግረኝ ደስ ብሎኝ ሰምቼው ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ በር አስፈራኝ።

ቤት ስንመለስ እዚያ አገር መሽቷል። መጀመሪያ ስንደውል አልሠራም። በሁለተኛው አነሣ።

«እማዬ፣ ደኅና ነሽ?»

«የኔታ አጠገቤ ናቸው። የሚጠይቁህን መልስ» አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

የኔታ ሰላምታም ሳይሰጡ ስለ ፎቶው ጠየቁት።

«እሱ የድሮ መሳፍንት ቤተ መንግሥት ነው፣ የኔታ። ሂሜጂ ይባላል። ወለሉ እንጨት ነው፤ እንዳይጎዳ ጫማ አውልቁ ይላሉ።»

«በእጅህስ የያዝኸው?»

«ጫማዬን ነው። መያዣ ፌስታል ይሰጣሉ፤ ጎንበስ ያልኩት እሱ ውስጥ ስከተው ነው።»

ሽማግሌው ሣል ያዘው። የኔታ ግን ፈገግ አላሉም።

«የጣዖት ቤትስ አልገባህም?»

እህቴ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ገብቻለሁ» አለ። «ናራ ላይ። ትልቅ የነሐስ ምስል አለ። ከጓደኞቼ ጋር ገብቼ አይቼ ወጣሁ። አልሰገድኩም።»

«ጫማህን አውልቀህ?»

«የለም፣ እዚያስ በጫማ ነው የሚገባው። ሁሉም ሰው።»

ወዲያው መሥመሩ ተቋረጠ። ብንደውል ብንደውል አልሠራም።

የኔታ የልጃቸውን ስልክ አንሥተው ያን ፎቶ እንደገና አዩት። «ቤተ መንግሥቱን ያለ ጫማ፣ የጣዖቱን ቤት በጫማ» አሉ ለራሳቸው።

«የኔታ፣ አገሩ ነው የተገለበጠው እንጂ ልጁስ አልተገለበጠም» አለ ሽማግሌው።

እኔ የምይዘው አጥቼ የነጠላዬን ጥለት ጨበጥኩ። በመጨረሻ የኔታ ወደ እኔ ዞሩ።

«ገብቻለሁ ባይል ኖሮ ሌላውንም አላምነውም፤ ተነሥቼ እሄድ ነበር» አሉ። «ሲመጣ አስቀድሞ ንስሐ አባቱ ዘንድ ይሂድ። ቀኖናውን እስኪጨርስ መቅደስ አይግባ። ሠርጉ ባለበት ይሁን።»

ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ዛሬም ያንን ቀን ሳስብ ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

በማግስቱ ልጄ ራሱ ደወለ። ተቆጥቶ ነበር።

«አስቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ እማዬ?»

«ብነግርህ ምን ትል ነበር?»

«እንጃ» አለ።

«እኔም እንጃ ብዬ ነው ያልነገርኩህ» አልኩት።